ከሰል፣ ሐዲድና የአቃቂ ሜዳ

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የሚያተኩረው በውሉና በፖለቲካው ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ፣ የሊዮን ሼፍኖ ገንዘብ ፍለጋ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ መክሰርና የሦስቱ ኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ በልዩ ልዩ ጸሐፍት ተተርከዋል። ባቡሩ በምን ይሄድ እንደ ነበረ፣ ማገዶው የት ተከማችቶ እንዴት እንደሚጫን፣ ፉርጎዎቹስ በየትኛው ሜዳ ላይ ተፈተው እንደሚቀጣጠሉ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ምድር ባቡር ዕድል የሚወሰነው ባቡሩ በሚሮጥበት መስመር ብቻ ሳይሆን በሚቆምበት ግቢም ጭምር ነው። ጭነት ገቢ የሚያስገባው ሲንቀሳቀስ ሲሆን ወጪው የሚከመረው ቆሞ በሚውልበት ስፍራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ከሰል» ሲባል በአንባቢው ዓይነ ልቡና የሚመጣው ከግራር ተቃጥሎ በጆንያ ለገበያ የሚቀርበው የምድጃ ከሰል ነው። ከምድር የሚቆፈረው ማዕድን «ድንጋይ ከሰል» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ለብዙው ሕዝብ ነገሩ እንግዳ ነበር። ጭልጋ ላይ ድንጋይ ከሰል እንዳለ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጎንደር በኩል ያለፉ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ባቡርን የሚያንቀሳቅስ ከሰል ከኢትዮጵያ መሬት አልወጣም።

የከሰሉ ታሪክ የሚጀምረው ከባሕሩ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ሲይዙ ከዋና ዋና ምክንያቶቻቸው አንዱ በቦምቤይና በስዌዝ መካከል የሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች ማገዶ የሚሞሉበት ስፍራ ማግኘት ነበር። ፈረንሳዮች ኦቦክን እ.ኤ.አ. በ1862 በውል ቢገዙም ለሃያ ዓመታት ያህል እምብዛም አልተጠቀሙበትም። የስዌዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች በገለልተኝነት ስም የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በዓደን ከሰል እንዳይጭኑ ከለከሉ። የኦቦክ መኖር የታወሰው ያን ጊዜ ነው። ሌዎንስ ላጋርድ ወደዚያ ተልኮ ቅኝ ግዛቱን አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ወደብ የሚሆነው ከባሕረ ሰላጤው በስተ ደቡብ ያለው ጅቡቲ መሆኑ ስለ ታወቀ መቀመጫው ወደዚያ ተዛወረ። ስለሆነም ኢትዮጵያን ከባሕር ጋር ያገናኘው ወደብ ሲወለድ የታሰበለት የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ ሳይሆን የመርከብ ማገዶ ነበር ማለት ይቻላል። ባቡሩ በኋላ የተተከለው በዚህ የከሰል መጋዘን ጫፍ ላይ ነው።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ተጀመረ። ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በኋላ ድሬዳዋ ከተባለችው ስፍራ ደረሰ፤ ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ ውል የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሥርቶ ሥራው እንደገና ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሐዲዱ አቃቂ ገባ። አዲስ አበባ የደረሰው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት 23 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። አቃቂ የመስመሩ ጫፍ ሆና በቆየችበት ጊዜ ውስጥ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ሐዲዱ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

የሐዲድ ጫፍ የሆነ ስፍራ ምን ዓይነት ስፍራ እንደሚሆን መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ከወደቡ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያው ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ በጋማ ከብትና በጋሪ ይቀጥላል። ወደ ታች የሚወርደውም እንዲሁ ከየአቅጣጫው መጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ፉርጎው ቶሎ ተራግፎ ካልተመለሰ ጅቡቲ ላይ የሚጫን ፉርጎ ይጠፋል። እንግዲህ ለሁለት ዓመታት የጠቅላላው መስመር አተነፋፈስ የተመካው በአቃቂ ሜዳ ላይ በተዘረጉት ጥቂት የጎን ሐዲዶች ነበር።

ስፍራው የተመቸ ነበር። የአቃቂ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሰፊ ሜዳ ሲሆን ከዚያ እስከ ለገሃር ድረስ ባቡሩ ወደ 250 ሜትር ያህል ይወጣል። ይህ በአማካይ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ከሩብ ያልሞላ ዳገት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በመስመሩም ላይ ከዚህ የባሰ ዳገት አልጠፋም። ሆኖም በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ቶን ለመጎተት አምስት ኪሎ ያህል ኃይል የሚበቃ ከሆነ በዚህ ዳገት ላይ አሥራ ስድስት ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ግቢ ሲነደፍ የመጀመሪያው ሕግ ፉርጎዎች የሚፈቱበትና የሚቀጣጠሉበት መሬት ደልዳላ ይሁን የሚለው ነው። ተዳፋት ላይ የተፈታ ፉርጎ ጠባቂው ዘወር ሲል ብቻውን ይሄዳልና። አቃቂ ከዳገቱ እግር ስር ያለ ደልዳላ በመሆኑ ከባድ ጭነት ወደ ከተማው ሳይወጣ የሚራገፍበት ስፍራ መሆኑ በተፈጥሮው ተወስኖለት ነበር።

አሁን ወደ ማገዶው እንመለስ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለውጠው ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ለግምት ያህል አንድ ቶን ክብደት ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ እንዲል 16 ኪሎ ያህል ጥሩ ድንጋይ ከሰል ይፈልጋል። በ780 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ የመንኮራኩሩን ግትርነት ለማሸነፍ ደግሞ 27 ኪሎ ያህል ይጨመራል። በዚህ ላይ በመንገዱ ያሉት መውረድና መውጣት አልታሰቡም። ክብደት የተባለውም የፉርጎውንና የሎኮሞቲቩን ክብደት ስለሚጨምር አንድ ቶን ሸቀጥ አዲስ አበባ ለማድረስ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ከሰል ይነድ ነበር ማለት ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ደግሞ ስድስት ሰባት ኪሎ ውኃ ያተናል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ባለው በረሃ ከከሰሉ ይልቅ ውኃው ያሳስብ የነበረው ስለዚህ ነው።

ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ስለዚህ ማደሪያ የነበረው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሎኮሞቲቩም ነው። በየማደሪያው ሥራው በተወሰነ ቅደም ተከተል ይካሄዳል፤ ሎኮሞቲቩ በመጀመሪያ አመዱን በሐዲዶቹ መካከል በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ይጥላል፣ ቀጥሎ ከሰል፣ ከዚያ ውኃና መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት የሚረጨውን ደረቅ አሸዋ ይሞላል፣ በመጨረሻም ፊቱን ይዞራል። ይህ ተራ የተዛባበት ግቢ አንዱ ሎኮሞቲቭ የሌላውን መንገድ ዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሽከረክር ያድራል። የትልልቅ ጣቢያዎች ነዳፊዎች ብዙ የለፉት ለሕንፃው ውበት ሳይሆን ለዚህ ተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕዝቡ የሚያደንቀው ግን ሕንፃውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ተመርቆ እስከ ዛሬ ሠፈሩን በስሙ ያስጠራው የለገሃር ሕንፃ ለዚህ ምስክር ነው።

ከሰልን ለመጫን የሰው ልጅ ያወቃቸው ዘዴዎች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አካፋና ቅርጫት ነው። በፖርት ሰዒድ ወዛደሮች ቅርጫት ተሸክመው በሳንቃ ላይ እየሮጡ መርከብ ይሞሉ የነበሩት በዚህ መንገድ ነበር። ሁለተኛው ከሰሉን አንድ ጊዜ ከፍ ወዳለ ስፍራ አውጥቶ ከዚያ በኋላ ክብደቱ ራሱ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገር በታይን ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1893 ማለት ምኒልክ ለኢልግ ፈቃድ ከመስጠታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ በደንስተን የተከፈተው ግዙፍ የእንጨት መድረክ የዚህ ዘዴ ታላቅ ምሳሌ ነው። ፉርጎዎቹ በመድረኩ ላይ ይገፋሉ፤ የታች መዝጊያቸው ሲከፈት ከሰሉ በአሸንዳ ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል። ሦስተኛው የመኪና ዘመን ዘዴ ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በተከፈተው የሪቻርድስ ቤይ የከሰል ወደብ ሁለት መቶ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ይመጣል፤ ፉርጎዎቹም በመገልበጫ መኪና ውስጥ ገብተው ከነመንኮራኩራቸው እየተገለበጡ ይራገፋሉ።

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ከሦስተኛው ዘዴ ሳይደርስ ከሰሉን ተሰናበተ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ገብተው እንፋሎቱን ተኩ፤ የከሰሉ ክምርና የአመዱ ጉድጓድ አገልግሎታቸው አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገው ውል የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሌላ ተፎካካሪ መጥቶ ነበር። የአሰብ ወደብና መንገዱ ጭነቱን ከሐዲዱ ላይ መውሰድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥ ነጋዴው ፊቱን ጨርሶ ወደ መኪና አዞረ። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ በሁለቱ መንግሥታት ስም የተቋቋመው ድርጅት በአሮጌ ሐዲድና በአሮጌ ፉርጎ ሲታገል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር ዝም አለ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የአቃቂ ሜዳ ባዶውን አልተቀመጠም። ሐዲዱ መጀመሪያ፣ የደብረ ዘይት መንገድ ቀጥሎ የሳቡት ፋብሪካ፣ መጋዘንና የጉምሩክ ግቢ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ድረስ ሞላው። ከተማው በመካከሉ ሊያኖረው ያልፈለገውን ሁሉ ወደዚሁ ወገን ገፋ። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ወኅኒ ቤት በእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ ዓመታት ተዘግቶ ሲፈርስ ስፍራው ለአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ፤ እስረኞቹም ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ተዛወሩ። ዛሬ ቃሊቲ ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ የሚሰማው ያንን ግቢ ነው። ለመሐንዲሱ ግን ማረሚያ ቤቱም፣ ጉምሩኩም፣ የብረታ ብረት ፋብሪካውም የአንድ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልሶች ናቸው፤ ሰፊ ደልዳላ መሬት ከከተማው ጠርዝ የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ።

ድንጋይ ከሰል ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ የባቡሩ ማገዶ ሆኖ ሳይሆን ጭነት ሆኖ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በከባድ ነዳጅ ዘይት ፈንታ ከሰል ማንደድ ሲጀምሩ ከደቡብ አፍሪካና ከሌላም አገር የተገዛ ከሰል በጅቡቲ ወደብ ይገባ ጀመር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራና መደበኛ ስፋት ያለው ነው። አሮጌው ባቡር ከሰሉን እየበላ ሸቀጥ ያመጣ ነበር፤ አዲሱ በውኃ ኃይል እየሄደ ከሰል ሊያመጣ ይችላል። አዲሱ መስመር አሮጌዎቹን ጣቢያዎች ትቶ በአቃቂ በስተ ደቡብ ያልፋል፤ የጭነት ጣቢያው እንዶዴ፣ የመንገደኛው ለቡ፣ ጫፉ ሰበታ ነው። በመቶ ዓመት ልዩነት ሁለት የነዳፊዎች ትውልድ ለከባድ ጭነት የመረጡት ይህንኑ ሜዳ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

የቁጥሩ ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። 30,000 ቶን ከሰል የጫነ አንድ መርከብ ጅቡቲ ላይ ቢራገፍ 40 ቶን በሚጭን ከባድ መኪና 750 ጉዞ ያስፈልጋል። ስድሳ ቶን የሚይዙ 44 ፉርጎዎች በሚጎትት ባቡር ግን 12 ጉዞ ይበቃል። ብልጫው ግልጽ ነው። ይሁንና ይህ ብልጫ በቀላሉ የሚጠፋው በሁለቱ ጫፎች ላይ ባሉት ግቢዎች ነው። አንድ የአካፋ መኪና በአንድ ጊዜ ሦስት ቶን፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ ቢያነሣ 44ቱን ፉርጎ ለመሙላት አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሐዲዱ በላይ የቆመ ጎተራ በሰዓት አንድ ሺህ ቶን ቢለቅ፣ ባቡሩም ከስሩ ቀስ እያለ ቢያልፍ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ባቡሩ ሳይፈታ መጥቶ ሳይፈታ እንዲመለስ ከተፈለገ ሐዲዱ ክብ ዞሮ ራሱን የሚገናኝበት ቀለበት ያስፈልጋል። ሦስት መቶ ሜትር ራዲየስ ያለው ቀለበት ሐዲዱ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲሆን በውስጡ የሚያስቀረው መሬት ግን ሃያ ስምንት ሄክታር ነው። የአቃቂ ገበሬ መሬት ምን ያህል እንደ ጠበበ ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ቀለበቱን ትቶ ሎኮሞቲቩ ከፊት ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ወደ ኋላ እንዲዞር ማድረግ መሬት ይቆጥባል፤ ዋጋው በጊዜ ይከፈላል።

ከዚህም በላይ መሬቱ ራሱ አለ። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የከሰል ክምር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይጫናል፤ በጎኑ ያለው ሐዲድ ደግሞ ባዶ ፉርጎ እንኳ ባይቆምበት በየክረምቱ ይነሣል። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ መተካት፣ ከዚያም ውኃው ከስሩ እንዳይገባ ማድረግ ከሐዲዱ ብረት በላይ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ መቆጠብ ከአሥር ዓመት በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

ውኃውም ሌላ ጉዳይ ያመጣል። የአቃቂ ሜዳ ከስሩ የውኃ ጎተራ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚያ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ዋነኞቹ ናቸው። ድኝ ያለበት ከሰል ዝናብ ሲመታው የሚወጣው ውኃ አሲድ ነው። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ የከሰል ግቢ ሊነድፍ የሚነሣ መሐንዲስ የመጀመሪያ ሥዕሉ የሐዲዱ ሳይሆን የውኃ መውረጃውና የማጣሪያ ኩሬው ሥዕል ሊሆን ይገባዋል። ያልበሰለው ዓይነት ከሰል በጥብቅ ካልተደመደመና የቀደመው ቀድሞ ካልወጣ ደግሞ በራሱ ጊዜ ከውስጥ ይሞቅና ይነዳል። ጅቡቲ ሆነ አቃቂ የእሳቱ ጠባይ አንድ ነው።

የአገር ውስጡ ከሰል ነገር ሌላ መልክ አለው። በጅማ አካባቢ ደልቢ ሞየ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ በደቡብ ምዕራብም ዳውሮ ያለው ክምችት ባለፉት ጥቂት ዓመታት የውጭውን ከሰል እንዲተካ ብዙ ተጥሮበታል። በዚያ አቅጣጫ ግን ሐዲድ የለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከወጣው ብሔራዊ የምድር ባቡር እቅድ ውስጥ የነበረው የጅማ መስመር አልተሠራም። ከሰሉ በመኪና በጅማ መንገድ ይመጣል። የጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የሚያገኘው ሐዲድ ሰበታ ላይ ነው፤ ያም የአዲሱ መስመር ጫፍ ነው። ከመኪና ወደ ፉርጎ የሚጭን መድረክ ቢሠራ የሚገባው ከተማውን አቋርጦ እንዶዴ ላይ ሳይሆን እዚያው ሰበታ ላይ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሄደው ከሰል ከዚያ ተጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከጅቡቲ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ በእንዶዴ ይራገፋል። በዚህ አኳኋን ባቡሩ በሁለቱም አቅጣጫ ጭነት ይኖረዋል፤ ባዶ መመለስ የአሮጌውም የአዲሱም መስመር ሕመም ነውና።

የሙገርና የደርባ ፋብሪካዎች ግን ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ስለሆኑ ከእንዶዴ የሚራገፈው ከሰል ገና መኪና ላይ ወጥቶ በቃሊቲ አደባባይ በኩል ከተማውን መዞር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ላይ ተራግፎ በአጋሰስ ጀርባ ወደ ላይ እንደ ወጣው ዕቃ ማለት ነው።